ገና ሐሙስ ነው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ልላክ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሜሪላንድ፦ እስቲ ፍረዱኝ። ዘንድሮ 2019 ዓ.ም ገና ጃንዋሪ 7 ሐሙስ ይውላል። ትምህርት ቤቱ የፈረንጆቹን ገና አስታኮ ይዘጋና ልክ የኛ ሲደርስ ይከፈታል። ወንዱ 8 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 5።

ባለፈው ዓመት ረቡዕ ነበር። ቤተ ክርስቲያን አምሽተን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤት ገባን። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተኝተው ስለነበር እኔ አንዷን፣ አባታቸው አንዱን ተሸክመን ነው መኪና ያስገባናቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባሱ በር ላይ ነው። ትንሿን ጫማ ሳደርግላት ዓይኗ አልተገለጠም። ጃኬቷ ቁሌት ቁሌት ይሸታል። «ዛሬ በዓል ነው ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ዘንድሮ ባለቤቴ «ቅዳሜ እናክብረው፣ ምን አለበት?» ይላል። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ «ገና ይዛወራል እንዴ? የቀበሌ ስብሰባ ነው?» ትለኛለች።

ኡበር ነጂ፣ አሌክሳንድርያ፦ ባልሽ ልክ ነው። እኔ አራት ልጅ አለኝ። ለሁለት ዓመት ቅዳሜ አድርገነዋል፣ የሞተ ሰው የለም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቡና በሦስቱም ይጠጣል፣ ማንም ሰዓቱን አያይም። ሐሙስ ብትሉኝ ግን ግማሹ ሥራ ላይ ነው፣ ግማሹ ሽፍት ሊገባ ጫማውን እያሰረ ነው የሚጎርሰው። ደግሞ የኛ ገና ዘግይቶ መምጣቱ በረከት ነው። ከዲሴምበር 26 ጀምሮ የመጫወቻ ዋጋ ይወድቃል። ልጆቼ አያውቁም፣ እንዳትነግሩብኝ።

ዲያቆን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ የስጦታውን ብልሃት ወድጄልሃለሁ። ቀኑ ላይ ግን አንስማማም። እህቴ፣ የ8 ዓመቱ ልጅሽ ይጾማል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያለማመድነው ነው። ወተትና ቺዝ ትቷል። ዘንድሮ ክፍላቸው ውስጥ ድግስ ነበር፤ ኬኩን በናፕኪን ጠቅልሎ ለእህቱ አመጣላት።

ዲያቆን፦ በቃ፣ መልሱ እዚያው ናፕኪን ውስጥ ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ 43 ቀን ነው። ያንን ሁሉ ቀን ወተት የተወ ልጅ፣ የሚፈታበትን ቀን ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ብቻውን ሊያሳልፈው ነው? ወይስ ሁለት ቀን ጨምርና እስከ ቅዳሜ ጹም ሊባል ነው? ዲሴምበር 25 ይሁን የሚሉም አሉ። በኛ አቆጣጠር ያ ታኅሣሥ 16 ነው፣ የጾሙ መካከል። ዶሮ ሠርተሽ ታበይዋለሽ?

ኡበር ነጂ፦ ዲያቆን፣ ቀን እኮ ይቀየራል። ከዩክሬን ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ በ2023 ወደ ዲሴምበር 25 አዙራዋለች። ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ከፈረንጆቹ ጋር ነው የሚያከብሩት። ልዩነቱ የ13 ቀን የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፣ የሃይማኖት አይደለም።

ዲያቆን፦ እነሱ በሲኖዶስ ወስነው ነው የተሻገሩት። አንተ ደግሞ በሳሎንህ፣ በኡበር ፕሮግራምህ ነው የምታዛውረው። ልዩነቱ ያ ነው። እንዲያውም የኛም ቁጥር አንዳንዴ ይቀየራል። ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ልደትን የምናከብረው ታኅሣሥ 28 ነው። ግን ያውም ሲሆን ሁላችንም እኩል ነን።

ነርስ፣ ሲያትል፦ ባለፈው ዓመት ረቡዕ ሲውል ይጾማል አይጾምም ብለን ተጨቃጭቀን ነበር። ዲያቆን እዚህ ካሉ ይንገሩን፣ ባሌ እስካሁን አላመነኝም።

ዲያቆን፦ ልደትና ጥምቀት ረቡዕም ዓርብም ቢውሉ ይበላል። ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ረዳት መምህርት፣ ሜሪላንድ፦ እኔ ከሌላው ወገን ላውራ፣ ከክፍሉ ውስጥ። የሜሪላንድ የትምህርት ደንብ ሃይማኖታዊ በዓል ማክበርን ሕጋዊ የመቅሪያ ምክንያት አድርጎ ያስቀምጣል። ልጁ አይቀጣም። ወላጅ ማድረግ ያለበት ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

የኛ ሰው ግን ምን ይጽፋል? «ሆዱን አሞታል።» በየዓመቱ! በጃንዋሪ 7 የሀበሻ ሆድ በሙሉ ይታመማል። በማግሥቱ ልጁ ይመጣና፣ መምህሯ «ተሻለህ ወይ?» ስትለው ግራ ይገባዋል። አንዱ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? «አላመመኝም፣ ዶሮ ስበላ ነው የዋልኩት።» እኔ አጠገቡ ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። አፍረን የዋሸነው እኛ ነን።

ነርስ፣ ሲያትል፦ ኧረ እኔንም አገኘሽኝ። እኔ ለሥራዬም «አሞኛል» ነው የምለው።

የሦስት ልጆች አባት፣ ቨርጂኒያ፦ ታዲያ ለምን የትምህርት ቦርዱ እንዲዘጋልን አንጠይቅም? ኒውዮርክ ከተማ ሙስሊሞቹ ለዓመታት ጠይቀው ከ2015 ጀምሮ ለሁለቱም ኢድ ይዘጋላቸዋል። እኛ በየቤታችን ከማጉረምረም በቀር ምን አደረግን?

ረዳት መምህርት፦ ጥሩ ነገር አነሣህ። ግን ቦርድ ፊት ስትቆም መጀመሪያ የምትጠየቀው «በዚያ ቀን ስንት ተማሪ ይቀራል?» ነው። መንግሥት ለሃይማኖት ብሎ ትምህርት ቤት አይዘጋም፤ ብዙ ልጅና ብዙ መምህር ሲቀር ግን ማስተማር ስለማይቻል ይዘጋል። የኛ ልጆች መዝገቡ ላይ በሽተኛ ሆነው ነው የተቆጠሩት። ግማሹን ቅዳሜ አክብረን ልከናቸዋል፣ ግማሹን ሆዱን አሞታል ብለናል። ማን ይቁጠረን?

ኡበር ነጂ፦ እሺ፣ ይቺኛዋ ገብታኛለች።

አባት፣ ስቶክሆልም፦ እዚህ ጃንዋሪ 6 ሕዝባዊ በዓል ነው፤ የኔ ልጆች ትምህርት ቤትም እስከ 7 ዝግ ነው። የሌሊቱ ቅዳሴ አይከብደንም። ችግራችን ዶሮው ነው፣ ሲቀቀል ይፈራርሳል።

ጡረተኛ፣ አዲስ አበባ፦ ልጆቼ፣ እኛ ቀኑ ተዘግቶልን እንኳ ምን እያደረግን እንደሆነ ብታዩ! ቦሌ ብትሄዱ የገና አባት ቀይ ለብሶ፣ በጸሐይ ላብ እያጠመቀው ከልጆች ጋር ፎቶ ይነሣል። አልቀየምም፣ እኛም ጥዱን በጥጥ በረዶ እያስመሰልን ነው ያደግነው፤ በረዶ ያየ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ግን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ወጥተን ገና እንጫወት ነበር። ዱላው ቆልመም ያለ፣ ጥንጉ ከእንጨት የተጠረበ። አንዴ ጥርሴን መትቶኛል። መቺው የጎረቤት ልጅ ነበር፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ተባልኩና ዝም አልኩ። ያን ጥርስ እስካሁን በምላሴ እነካዋለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ፣ እዚህ ያንን ዱላ ይዘው ፓርክ ቢወጡ ፖሊስ ይጠራብናል።

ጡረተኛ፣ አዲስ አበባ፦ የሆኪ ነው በያቸው፣ የኔ ልጅ።

ነርስ፣ ሲያትል፦ ስለ ሌላውም እናውራ እንጂ። «ሁለቱንም እናክብር» የሚሉ ወንዶች አሉ። በዲሴምበር ጥዱን የሚያቆመው ማነው? እናት። ስጦታ የሚጠቀልለው? እናት። በጃንዋሪ 6 ከሥራ ገብቶ የጭስ አላርሙ እየጮኸ ሽንኩርት የሚያቁላላው፣ ዶሮውን 12 ብልት የሚያወጣው? ባሌ አላርሙ ሥር ፎጣ ያራግባል። ያ ነው ድርሻው። ስለዚህ የኔ ድምፅ ለአንድ ገና ብቻ ነው፣ እሱም የኛው። በፈረንጆቹ ቀን ልጆቼ ፒጃማ ለብሰው ምስር በእንጀራ ይበላሉ፣ ፊልም ያያሉ። አላለቀሱም።

ዱባይ ነኝ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ ደሴ እናቴ ጋ ናት። ገና የማከብረው በኢሞ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ ወጡን ላሳይሽ ብላ ስልኩን ድስቱ ላይ አስጠጋችው፣ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ልጄን ሳላያት ኔትወርኩ ሄደ። ሐሙስም ይሁን ቅዳሜ፣ ልጆቻችሁ እጃችሁ ላይ ናቸው።

ኡበር ነጂ፦ እህቴ፣ እግዜር ያገናኛችሁ።

ዲያቆን፦ አሜን። ያገናኛችሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ አሜን፣ እህቴ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመምህሯ ጻፍኩላት። «ሐሙስ ልጆቼ አይመጡም። የኢትዮጵያ ገና ነው፣ እናከብራለን።» ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ልጄ አየውና «ዓርብ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ስለዚህ አሁን ድፎም ልጋግር ነው፣ ለ24 ልጅ የሚሆን።

ባለቤቴ ቅዳሜውን አልተወም። ዘመዶቹን ቅዳሜ ይጥራ፣ የተረፈውን ይበላሉ። ሐሙስ ግን እሱም ሥራ አይገባም። አሥር ፓውንድ ሽንኩርት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለታለሁ፣ ቢላዋው አጠገቡ ነው።