ጥያቄ፦ ፓርኪንሰን ላለባት እናቴ ክብደት ማንሳት ለክንዷ ይጠቅማት ይሆን?

የመንዝ ልጅ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ስልሳዎቹን አጋምሳለች። ፓርኪንሰን እንዳለባት ካወቅን ቆየን፤ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ በቀን ሦስቴ ትወስዳለች። የባሰባት ቀኝ እጇ ነው። ቡና ስትቀዳ እጇ እየተንቀጠቀጠ ከሲኒው ውጭ ይፈሳል። ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ልትጥል ስትል ጫፉ ክርኗ ላይ ይቀራል። ከሁሉ የከበዳት ግን ፈትሉን መተው ነው። ሐኪሙ «እንቅስቃሴ ትሥራ» ብሎናል፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አልነገረንም። ጎረቤት ደግሞ «ትረፍበት፣ አታድክሟት» ይላል። ክብደት ብታነሳ ይጎዳታል? ጂም መሄዱ አይታሰብም፤ ቤት ውስጥ በምን እንጀምር?

ፊዚዮቴራፒስት
እህቴ፣ አይጎዳቸውም። ይልቅ የሚጎዳቸው ቁጭ ማለቱ ነው። በፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን (እንቅስቃሴን ለማዘዝ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር) የሚያመነጩ ሕዋሳት እየቀነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ይዘገያል፣ ያንሳልም። ሰው በዚህ ምክንያት እጁን መጠቀም ሲተው ጡንቻውም በተራው ይሰልላል። ይሄኛው በሥራ የሚመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 48 ሕሙማንን ይዞ ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት እየጨመሩ የሠሩት፣ ማፍታቻ፣ የሚዛን ልምምድና ክብደቱ የማይጨምር ቀላል ማጠናከሪያ ከሠሩት ይልቅ የበሽታው ምልክት ቀሎላቸዋል።

መድኃኒቱ በደንብ በያዘበት ሰዓት አሠሯቸው። ብዙውን ጊዜ ከዋጡ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸው መሬት ይርገጥ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሙሉና አስይዟቸው፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ክርን አጥፎ መዘርጋት፣ ቀጥሎ ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት። ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ከዚያ አንድ ዙር ይድገሙ። ሲያነሱ ፈጠን፣ ሲመልሱ ዝግ ይበሉ። ትንፋሽ እንዳይይዙ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። 12 ጊዜ ሳይቸግራቸው ከሠሩ ክብደቱን ጨምሩ። ወር ሙሉ እዚያው ግማሽ ኪሎ ላይ መቆም ብዙ አይፈይድም።

በሽታው ወደ ፊት ስለሚያጎብጥ የጀርባውን አትርሱት። ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ የመስኮት ብረት ላይ እሰሩና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ወደ ጎናቸው ይሳቡት። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል፤ በመካከሉ አንድ ቀን እረፍት ይኑር።

አስታማሚ (ሸዋ ሮቢት)
እኔም አባቴን የማስታምም ነኝ። ጉልበት ብቻውን አይበቃም። የሱ ክንድ ጠንክሮ ቁልፍ መቆለፉ ግን እንደነበረ ነበር። በኋላ ትልልቅ ቁልፍ ያለው አሮጌ ኮት ሰጠነውና ከእንቅስቃሴው በኋላ እየቆለፈ እየፈታ ተለማመደ። ቀስ እያለ መጣለት። እናትሽም ጋቢውን ራሷ ትልበስ፤ ቸኩላችሁ አታልብሷት። እንዝርቷንም አታርቁባት። ፈትሉ ባያምርም አመልማሎውን መያዙ በራሱ ለጣቶቿ ሥራ ነው።

የመንዝ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። መንቀጥቀጡስ? እሱም ይቀንስላታል?

ፊዚዮቴራፒስት
መንቀጥቀጡ ከጉልበት ማነስ የሚመጣ አይደለም። ክብደት ያጠፋዋል ብላችሁ አትጠብቁ። የሚሻሻለው ማንሳት፣ መድረስ፣ መግፋት ነው። ትኩሱን ሌላ ሰው ይቅዳ፣ እሳቸው ቡናውን ይውቀጡ። ዘነዘና ማንሳት ደህና የክንድ ሥራ ነው።

ነርስ (ደብረ ሲና)
ሦስት ነገር ልጨምር። በሽታውም መድኃኒቱም ሲነሱ ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ እንደጨረሱ ብድግ አይበሉ፤ ትንሽ ተቀምጠው፣ አጠገባቸው ሰው ቆሞ ይነሱ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድ ደግሞ ግትር ያደርጋል፤ ፀሐይ ስትወጣ እጃቸውን አፍታተው ይጀምሩ።

ሁለተኛው የምግብ ነገር ነው። ሥጋና ሽሮን የመሰለ ፕሮቲን ከኪኒኑ ጋር ሲገጥም መድኃኒቱን ያዘገየዋል። ሐኪሙ ሌላ ካላለ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይዋጡት። እሸት ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ ሲባል እውነት ነው። ነገር ግን መጠኑ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ በኪኒኑ ፈንታ እንዳትሰጧቸው፣ አደራ።

ሦስተኛው፣ ትከሻቸውን ስል አድርጎ ከወጋቸው አቁሙና አስመርምሩ። ክንዳቸው በድንገት ከዛለ፣ ፊታቸው ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ ግን ፓርኪንሰኑ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሷቸው።