በረንዳ የሚያድሩ ስድስት ልጆችን አንድ ቤት ልናስገባ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የሰንበቴዋ እህት (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ስምንት ሆነን ሰንበቴ እንጠጣለን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከዝክሩ ቀንሰን ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ለሚያድሩ ልጆች እናደርስ ነበር። አሁን አንዷ እህታችን አዘዞ ያለውን የሟች እናቷን ቤት ልስጣችሁ አለችን። አራት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ውሃና መብራት አለው። ለአንድ ዓመት ኪራይ አትጠይቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን መከፈል አለበት።

ያሰብናቸው ልጆች ስድስት ናቸው። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ከ18 ዓመት በላይ። ሁለቱ ሊስትሮ ይሠራሉ። ሦስቱ መናኸሪያ ዕቃ ይሸከማሉ። ስድስተኛው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ታሞ የተመለሰ ነው፤ አገሩ መግባት አፍሮ እዚሁ ቀረ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ያወራል፤ ሰው ግን አይነካም። አንዱ ደግሞ አረቄ ያበዛል።

ሐምሌ ሳይገባ ልናስገባቸው እንፈልጋለን። ባለፈው ክረምት አንዱ በዝናብ በስብሶ ሳንባውን ታሞብን ነበር። ተሸክመነው ስንሄድ የነበረው ትንፋሹ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

የምፈራው ቤቱ በሁለት ወር ተበትኖ ተመልሰው በረንዳ እንዳይወጡ ነው። ደንቡን ማን ያውጣ? መታወቂያ የላቸውም፣ ምን ይደረግ? ጎረቤቱስ? ዓመቱ ሲያልቅስ? ያያችሁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ቀሃ ዳር

እህቴ፣ እኔ በረንዳ አራት ዓመት አድሬያለሁ። ከዚያ አምስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ዛሬ አናጺ ነኝ፤ ልጅም አለኝ። ስለዚህ የማውቀውን በዝርዝር ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የለም። በረንዳ ላይ ጫማህን አውልቀህ አትተኛም፤ ይሰረቃል። እኔ አልጋ ላይ ጫማዬን ተንተርሼ ነው የተኛሁት። ጓደኛችን ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ዳቦ ከፍራሹ ሥር ይደብቅ ነበር። ሌባ ሆኖ አይደለም። ነገ እንዳይርበው ፈርቶ ነው። ይህን ስታዩ አትቆጡ፤ ራሱ ይለቃል።

ለእያንዳንዱ ቁልፍ ያለው ሳጥን ስጡት። ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ይበቃል። በጋራ ቤት መጀመሪያ የሚያጣላው ዕቃ ነው። "ሸሚዜን ማን ለበሰ?" ብሎ የተነሳ ጠብ ቤት ያፈርሳል። የውጭውንም በር ቁልፍ ለስድስቱም አስቀርጹላቸው። ቁልፉ እናንተ ጋ ከዋለ ቤቱ የእናንተ ነው፤ እነሱ እንግዳ ናቸው። እኔ የመጀመሪያውን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አስሬ ነበር የምዞረው።

ሌላው ነገር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዋጡ። ኪራይ የለም ብላችሁ ዝም አትበሉ። እኛ ማታ ማታ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እንጥል ነበር። ሥራ ያላገኘ ሰው በዚያ ቀን ውሃ ይቀዳል፣ ሽሮ ይሠራል። ባዶ እጁን ገብቶ የሚበላ የለም። ጧሪ እንዳላቸው ከተሰማቸው እግራቸውን አይተክሉም።

እናንተም በየቀኑ አትሂዱባቸው። እሁድ እሁድ ይበቃል። ስትሄዱም አንኳኩ።

መልስ፦ የማህበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ

ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቀሃ ዳር የነገረሽን ሁሉ ያዢ፤ እኔ የምጨምረው ጤናና ወረቀት ነው።

ከመግባታቸው በፊት ስድስቱንም ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ። ሳንባው ታሞ የነበረው ልጅ በተለይ አይዘለል። አራት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ሲያድር በሽታው በቀላሉ ይጋባል። ሕክምናው በነፃ ነው፤ በተለመደው መድኃኒት ስድስት ወር ይፈጃል። ለዚህ ሕክምና ደግሞ ቤት ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው። በረንዳ የሚያድር ሰው ስድስት ወር ሙሉ ክኒን ሳያቋርጥ መውሰድ ይከብደዋል።

ብቻውን የሚያወራውን ልጅ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አእምሮ ሕክምና ክፍል አሳዩት። ጠበል መውሰድ ከፈለጋችሁ ውሰዱት፤ መድኃኒቱን ግን አታስቁሙት። ከቤቱ ልጆች አንዱ "ዛሬ ዋጥክ?" ብሎ የሚጠይቀው ይሁን። ሰው ሲሻለው "ድኛለሁ" ብሎ የሚያቆመው በዚህ መሃል ነው።

መታወቂያን በተመለከተ ቀበሌ መሸኛ ይጠይቃል። መሸኛው ከተወለዱበት ወይም ከኖሩበት ቀበሌ ነው የሚመጣው። አገሩ መግባት ያፈረው ልጅ ላይ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ በፋይዳ፣ በብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ጀምሩ። ፋይዳ ሰነድ ለሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለው። እሱን ካገኘ የባንክ ደብተር ማውጣት ይቀለዋል። ከዚያ ቀበሌ ሄዳችሁ የማህበረሰብ ጤና መድንንና የከተማ ሴፍቲኔትን ጠይቁ። ጤና መድን ላይ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እዚያ ቤት አታስገቡ። ቢያሳዝናችሁም አታስገቡ። ትንሽ ልጅ ካገኛችሁ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ውሰዱት፤ ቤተሰቡም ይፈለግ።

የሰንበቴዋ እህት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀሃ ዳር፣ ስለ ጫማው ያልከውን ለሰንበቴ እህቶቼ ሳነብላቸው አለቀስን። እኛ ቁልፉን ራሳችን ልንይዝ ነበር።

መልስ፦ የእድር ዳኛው

ልጄ፣ እኔ በእድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። የእድር ዳኛ ሆኜ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። የጎረቤቱን ጉዳይ ለእኔ ተይው።

ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የአካባቢውን እድር ዳኛ ቤቱ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ሰው በድንገት ስድስት ጎረምሳ ሲገባ ካየ "ማን ናቸው? ሌባ ይሆኑ?" ይላል። አይፈረድበትም፤ ጊዜው አስጊ ነው። ማን እንደሆኑ፣ ማን እንደሚያውቃቸው፣ ችግር ቢመጣ ማን እንደሚጠራ ቀድማችሁ ንገሩት። ቡና ይፈላ፤ ልጆቹም በስማቸው ይተዋወቁ።

ከዚያ ቤቱን እንደ አንድ አባወራ እድር አስመዝግቡት። መዋጮውን ራሳቸው ይክፈሉ። ጡሩንባ ሲነፋ ወጥተው ድንኳን ይትከሉ፣ አግዳሚ ወንበር ይሸከሙ። እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ክፉ የሚያያቸው ሁለት ልጆች ነበሩ። አንድ ክረምት ጭቃ ላይ ሬሳ ተሸክመው ቀብር አደረሱ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ተቀየረ።

ደግሞም በረንዳ የሚያድር ሰው ሞቼ ማን ይቀብረኛል ብሎ ይፈራል። አይናገረውም እንጂ ይፈራል። እድር የገባ ሰው ይህ ፍርሃት ይለቀዋል።

መልስ፦ የአዘዞ ልጅ (ሊዮን፣ ፈረንሳይ)

እዚህ ኤማሁስ የሚባል የጋራ ኑሮ አለ፤ በበጎ ፈቃድ ሠርቼበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1949 ፓሪስ አጠገብ አቤ ፒየር የተባሉ ቄስ የጀመሩት ነው። መጀመሪያ የገባው ሰው ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የነበረ ነው። ቄሱ ልርዳህ አላሉትም፤ ቤት ለሌላቸው ቤት ስሠራ እርዳኝ አሉት። ነዋሪዎቹ ሰው የጣለውን ዕቃ ይሰበስባሉ፣ ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉ። በዚያ ይኖራሉ። አንድ ሽማግሌ አውቅ ነበር፤ ሬዲዮ የመጠገን ሥራ የእሱ ነበር። ሲታመም ጠረጴዛውን ማንም አልነካበትም።

ለናንተ ቤት አንድ የጋራ ሥራ አስቡበት። አሮጌ ወንበር መጠገን ሊሆን ይችላል፣ ጫማ መስፋት ሊሆን ይችላል። ሊስትሮዎቹ እጃቸው ውስጥ ሙያ አለ።

የከፋውንም ልንገርሽ፤ መደበቅ አልፈልግም። መስራቹ ከሞቱ ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ጾታዊ ጥቃት አድርሰውብናል ያሉ ሴቶችን ቃል ንቅናቄው ራሱ አስጠንቶ ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተናገሩ። ይህን የማነሳው አንድ ደግ ሰው ሁሉን ነገር በእጁ እንዳይዝ ነው። ገንዘቡን አንዱ ቢይዝ ሌላው ይቁጠር። ልጆቹ ከእናንተ ውጭ ቅሬታ የሚነግሩት ሰው ይኑራቸው። የእድር ዳኛው ቢሆን ጥሩ ነው።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እኔ የምነግርሽ ስለሚጠጣው ልጅ ነው። እዚህ ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ኦክስፎርድ ሃውስ የሚባል ነገር ተጀመረ። ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ሊዘጋ ሲል ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተከራዩት። አለቃ የለባቸውም። ወጪውን ራሳቸው ይችላሉ። ኃላፊ የሚመርጡት ለስድስት ወር ነው። አዲስ ሰው የሚገባው ከነዋሪዎቹ 80 በመቶው ድምፅ ሲሰጡት ነው። ተመልሶ የጠጣ ይወጣል፤ በዚህ ድርድር የለም። ወንድሜን ያዳነው ይህ ደንብ ነው። አንዱ ሲጠጣ የሌላውን ጥም ይቀሰቅሳል።

ቀሃ ዳር

ወንድምህ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ግን ያ ቤት ላለመጠጣት ለቆረጡ ሰዎች የተሠራ ነው። ይህ ልጅ ገና አልቆረጠም። አዘዞ ላይ ብታስወጡት ሁለተኛ ቤት የለውም፤ መውጫው ዝናቡ ላይ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እጠጣ ነበር። የቤት ልጆች "ውጭ ጠጣ፣ ይዘህ አትግባ፣ ከረበሽክ ነገ የሁላችንንም ልብስ ታጥባለህ" አሉኝ። ብዙ ልብስ አጥቤያለሁ። ቀስ በቀስ ተውኩት።

ከሜሪላንድ

ያልከው ገብቶኛል። እዚህም እንዳንተ የሚያስቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ላይ ሳም ፀምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ መጀመሪያ ቤት ይሰጥ፣ ሌላው ይከተላል ብሎ ጀመረ። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. በ2008 አገር አቀፍ አሠራር አደረገችው። እንግዲያው ደንቡን ስድስቱ ተነጋግረው ያውጡት። ዱላና ስርቆት ላይ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ይኑር።

መልስ፦ ከወረታ

አውራ አምባን ሄዳችሁ እዩ፤ ፎገራ ውስጥ ነው፣ ከወረታ ሩቅ አይደለም። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማህበረሰብ ነው። በሽመና ይተዳደራሉ፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት አላቸው። ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ ጎንደር በአታ ያሉት የአብነት ተማሪዎች የሚኖሩትስ እንዴት ነው? ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ፣ ታላቁ ታናሹን ያስጠናል። ልጆቹ ይህን ኑሮ አይተው ነው ያደጉት፤ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

መልስ፦ ጠበቃው

ቤቱ የሟች እናት ነው ብለሻል። ሌሎች ወራሾች አሉ? ካሉ ሁሉም ይፈርሙ። አለበለዚያ አንድ ወንድም ከተፍ ብሎ በክረምት አስወጣለሁ ሊል ይችላል። ነፃ ቢሆንም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ምስክር ይኑረው።

ዓመቱ ሲያልቅ ለሚመጣው ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። በአዋጁ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ከተማችሁ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ቤቶች አስተዳደርን ጠይቁ። ውሉ በልጆቹ ስም ይሁን። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ እዚያ ሂዱ።

የሰንበቴዋ እህት

ወንድም አላት! ሁመራ ነው ያለው። ዛሬ ማታ ደውላ አነጋገረችው፤ ሲመጣ እፈርማለሁ ብሏል። ሳይፈርም አናስገባም።

ትናንት ስድስቱን ሰብስበን ደንቡን እናንተ አውጡ አልናቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ያ የሚጠጣው ልጅ "ማታ ሦስት ሰዓት በር ይዘጋ፤ የቀረ ግን ያንኳኳ፣ ይከፈትለት" አለ። ሌሎቹ ተስማሙ። ብቻውን የሚያወራው "ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ" አለ። ሳጥኖቹን ቅዳሜ ገበያ እንገዛለን። አሁን የጎደለን ፍራሽ ነው፤ አራት አለን።

ቀሃ ዳር

ሁለቱን እኔ አመጣለሁ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ጭኜ አዘዞ እደርሳለሁ። በሩ የሚጠገን ካለ መሣሪያዬንም እይዛለሁ።