ለብቻ የተሠራ ወይስ የሁላችን?

ከማራኪ፦ ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ብር ሊልክ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ያነብለታል። የባንኩን አፕ ሲከፍት ግን "አንሌብልድ በተን፣ አንሌብልድ በተን" ብቻ ይለዋል፤ ስም የሌለው በተን (የሚነካ ቁልፍ) ማለቱ ነው። የትኛው "ላክ"፣ የትኛው "ሰርዝ" እንደሆነ በምን ይወቅ? በመጨረሻ የሚስጥር ቁጥሩን በጆሮዬ ነገረኝ። ነገስ ለማን ይነግራል? ለአካል ጉዳተኞች ለብቻ አፕ ይሠራ ወይስ ሁላችን የምንጠቀምበት ለእነሱም ይሁን? እኔ የሁላችን ይሁን ባይ ነኝ።

ከአዘዞ፦ ያሳዝናል ወንድሜ። ግን እኔ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ሦስት ልጆች ነን። ለማያይ፣ ለማይሰማ፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሁሉ እናስብ ካልን መቼም አንጨርስም። ቀለል ያለ ነገር ለብቻ ቢሠራላቸው ይሻላል።

ከአራዳ፦ ለብቻ የተሠራውን ማን ያድሰዋል? ዋናው አምስቴ ሲታደስ እሱ እዚያው ይቀራል። ድሮ ዓይነ ስውር ስልኩ እንዲያነብለት ሶፍትዌር ለብቻ ይገዛ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. አፕል ስክሪኑን የሚያነበውን ቮይስኦቨርን ከአይፎን 3ጂኤስ ጋር አብሮ አወጣ፤ ጉግልም በዚያው ዓመት ለአንድሮይድ ስልኮች ተመሳሳዩን ቶክባክን አመጣ። አሁን ማንም የሚገዛውን ስልክ ገዝቶ መክፈት ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 9 ላይ፣ በአነስተኛ ወጪ ተደራሽ እንዲሆን ገና ከጅምሩ ይታሰብበት ይላል።

ከቀበሌ 18፦ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ኤስኤምኤስ ለእሷ ተብሎ አልተሠራም፣ ከዘመድ ያገናኛት ግን እሱ ነው። የሚያናድደኝ "ለእርዳታ ይደውሉ" ብቻ ሲሉ ነው። ሲሟ ሲዘጋ እኔ እደውልላታለሁ፣ "ባለቤቷን አቅርቢልን" ይሉኛል። ምን ብላ ታናግራቸው?

ከአዘዞ፦ ይሄ ልክ አይደለም፣ ገባኝ። ግን የአማርኛው ድምፅ ራሱ መች ጥሩ ሆነና?

ከማራኪ፦ ኢስፒክ የሚባለው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ጓደኛዬ ግን ለምዶታል። በተኑ ስም ከሌለው የፈለገ ጥሩ ድምፅ ቢመጣ ምኑን ያነባል?

ከአዘዞ፦ ለበተን ስም መስጠት አንድ መስመር ኮድ ነው፣ እሱን አምናለሁ። ሁሉንም እንችላለን የሚለው ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም። ለመሆኑ ቶክባክ የት ነው የሚከፈተው? የእኛን ዛሬ ማታ ልየው።

ከማራኪ፦ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ በል። አንዴ ስትነካ ያነብልሃል፣ ሁለቴ ስትነካ ይከፍታል። ዓይንህን ጨፍነህ ሞክረው። ከፈለግክ እሁድ ጓደኛዬን ይዤው አዘዞ እመጣለሁ።