ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሊንክ በዝናብ ይዳከማል፣ የደሴው ደግሞ ማታ ይንቀራፈፋል፤ መነሻቸው አንድ ነው ወይስ ሁለት?

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ከተማ ውስጥ ለሱቆች፣ ለእንግዳ ማረፊያዎችና ለመኖሪያ ቤቶች በገመድ አልባ አንቴና ኢንተርኔት የሚያደርስ አነስተኛ ኔትወርክ አስተዳድራለሁ። ዋናው የፋይበር መስመር የሚገባልን ፒያሳ አካባቢ ካለ ሕንፃ ላይ ነው። ከዚያ ጣሪያ በአንድ በኩል ለከተማው ደንበኞች በሴክተር አንቴና (አንድን አቅጣጫ በሰፊው በሚሸፍን አንቴና) እናሰራጫለን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ሐረጎ ከፍታ እናሻግራለን። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሊንክ (አንቴና ለአንቴና የተገናኘ መስመር) 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በ5.8 ጊጋኸርዝ፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ 23 ዲቢአይ (የአንቴና ጉልበት መለኪያ) አንቴና ይሠራል።

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሁለት ነገር አስቸግሮናል። የመጀመሪያው፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር የኮምቦልቻው ሊንክ ፍጥነት ክፉኛ መውረዱ ነው፤ ዝናቡ አባርቶም ወዲያው አይመለስም፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ እንደተዳከመ ይቆያል። ሁለተኛው፣ የደሴው ሴክተር ደንበኞች ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ አንድ ገጽ ለመክፈት እንኳ መቸገራቸው ነው። ደንበኞቻችን ሁለቱንም በጉም ያሳብባሉ፤ የደሴ ሰው ጉም ላይ የማያሳብበው ነገር መቼም የለም። ባልደረባዬ በበኩሉ አንቴናዎቹን ሁሉ አውርደን በትልልቅ ዲሾች እንተካቸው ይላል። ያንን ያህል ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ምን ምን መለካት እንዳለብን ብትጠቁሙኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ዲሹን ለጊዜው ይተዉትና ጉሙንም ነጻ ያውጡት። በ5.8 ጊጋኸርዝ ጉም የሚወስደው ሲግናል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ዝናብም ቢሆን እንደ 24 ወይም 60 ጊጋኸርዝ ባሉት ከፍተኛ ሞገዶች ላይ እንጂ በእርስዎ ሊንክ ላይ ብቻውን ይህን ያህል ጉዳት አያደርስም፤ 7 ኪሎ ሜትር ላይ ዶፍ ቢወርድ እንኳ የሚቀንሰው ጥቂት ዲቢ (የሲግናል ጭማሪና ቅናሽ መለኪያ) ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናብ አየር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዝናቡ ሲያቆም አብሮ ያቆማል። የእርስዎ ግን እስከ ማግስቱ ረፋድ ይቆያል ብለዋል። ይህ የሚደርቅ ነገር ባሕርይ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የገባበት ቦታ አለ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ሊንኩ ጤነኛ ቢሆን ምን ያህል ሲግናል ሊኖረው እንደሚገባ ያስሉ። በ7 ኪሎ ሜትርና በ5.8 ጊጋኸርዝ ነጻው አየር የሚወስደው 124.6 ዲቢ ያህል ነው። ሬዲዮው በ20 ዲቢኤም የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ በዚያ ላይ የሁለቱን አንቴናዎች 23 እና 23 ደምረው የአየሩን ሲቀንሱ ወደ 59 ዲቢኤም ኔጌቲቭ ይመጣል (ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው፤ የኔጌቲቩ ቁጥር በጨመረ መጠን ሲግናሉ ይደክማል)። በደረቅ ቀን ከዚህ በሁለትና በሦስት ዲቢ ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ የአንቴናው አቅጣጫም መጠኑም ደህና ነው፤ ትልቅ ዲሽ የሚፈታው ችግር የለም።

ቀጥሎ፣ ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ጥቅሉን ቁጥር ሳይሆን የሁለቱን ቼይኖች (ሬዲዮው ጎን ለጎን የሚጠቀምባቸውን ሁለት የሲግናል መንገዶች) ሲግናል ለየብቻ ይመልከቱ። አየሩ ቢያዳክመው ኖሮ ሁለቱም ቼይኖች በተቀራራቢ መጠን ይወርዱ ነበር። አንዱ ባለበት ቆሞ ሌላው ብቻ ከ10 ዲቢ በላይ ካሽቆለቆለ ግን፣ ከሬዲዮው ወደ አንቴናው ከሚሄዱት ሁለት አጫጭር ኬብሎች አንዱ ውሃ ጠጥቷል። የትኛው ጫፍ እንደሆነ ከቁጥሩ ብቻ ላይለይ ስለሚችል ሁለቱንም ጫፍ መፈተሽ ይኖርብዎታል፤ እኔ ብሆን ንፋሱ ከሚበረታበት ከሐረጎው እጀምራለሁ። ወደ ሬዲዮው የሚወጣውንም የኔትወርክ ኬብል አይርሱት፤ በ1,000 ሜጋቢት የሚሠራው ፖርት በዝናብ ጊዜ ወደ 100 ወይም ወደ 10 ከወረደ፣ ወይም በስዊቹ ላይ የስሕተት ቆጣሪው ከጨመረ፣ ውሃው አርጄ 45 (የኔትወርክ ኬብሉ መሰኪያ) ውስጥ ገብቷል።

ሽቦና ምሰሶ

ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ መታለፍ የለበትም። ሬዲዮው ከበራ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው የሚያሳየውን ቁጥር ይመልከቱ፤ በዝናቡ ሰዓት ከዜሮ ከጀመረ ነገሩ የሲግናል ሳይሆን የኃይል ነው። ሬዲዮው ኃይል የሚያገኘው በዚያው በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ነው፤ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ኬብል ግን አብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ከመዳብ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በረጅም ምሰሶ ላይ 24 ቮልት ብለው ከታች የላኩት ኃይል ጫፉ ጋ ሲደርስ ተዳክሞ ሬዲዮውን የማይችል ይሆናል፤ ባትሪው ሲዳከም ደግሞ ጭራሽ ይብሳል።

ሌላው፣ ሊንኩ አልፎ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ድርግም ብሎ የሚመለስ ከሆነ የሬዲዮውን ሎግ (የክስተት መዝገብ) ከፍተው ራዳር የሚል ቃል ይፈልጉ። ከ5.25 እስከ 5.35 እና ከ5.47 እስከ 5.725 ጊጋኸርዝ ባሉት ቻናሎች ላይ ሬዲዮው የራዳር ሞገድ ያየ ከመሰለው ቻናሉን ለቅቆ ይወጣል፣ አዲሱንም ቢያንስ ለ60 ሴኮንድ ካዳመጠ በኋላ ነው የሚጠቀምበት። ቻናል ሲቀይሩም ሆነ ኃይል ሲጨምሩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከሚፈቅደው እንዳይወጡ ይጠንቀቁ።

ሰልፍ አስከባሪ

እኔ ስለ ምሽቱ ብቻ ልናገር፤ ከዝናቡ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስለኝም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከቢሮዎ ሆነው በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ፒንግ ያድርጉ (ምላሽ ለመመለስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ይለኩ)፦ ወደ ሴክተሩ ሬዲዮ፣ ወደ አንድ ደንበኛ ሬዲዮ፣ ከዚያም በፋይበሩ በኩል ወደ ውጭ። መዘግየቱ በሴክተሩና በደንበኛው መካከል ከታየ አየሩ ተጨናንቋል፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ብቻ ከታየ የገዛችሁት መስመር ሞልቷል። ይህን ሳይለዩ ተጨማሪ መስመር መግዛት ገንዘብን መበተን ነው።

አየሩ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ደንበኛ ስላለ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት ደንበኞቹን በሲግናላቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸውና ከዝርዝሩ ግርጌ ያሉትን ደካሞች ይመልከቱ። በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ ጥሩ ሲግናል ያለው ባለ ሁለት ቼይን የ11 ኤን (የዋይፋይ ደረጃ ነው) ሬዲዮ በ130 ሜጋቢት ሲነጋገር፣ በጣም ደካማው በ6.5 ሜጋቢት ይነጋገራል። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ቪዲዮ ለደካማው ደንበኛ ሲላክ የአየሩን ጊዜ ሃያ እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ቃል እየጎተተ ሲናገር ሌላው ሁሉ ተራውን እየጠበቀ እንደሚያመሸው ነው። ሴክተሩ በጠቅላላ የሚያሳልፈው መረጃ ትንሽ ሆኖ ሳለ አየሩ ግን ሙሉ ሆኖ ካገኙት፣ ጥፋተኛው ከእነዚህ ደካማ ደንበኞች አንዱ ነው።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለክታችሁ እዩ ያላችሁትን ለክተናል።

በኮምቦልቻው ሊንክ በደረቅ ቀን ሁለቱም ቼይኖች 60 እና 61 ኔጌቲቭ ነበሩ፤ ከስሌቱ ጋር ይገጥማል። ዝናብ ሲጥል አንዱ እዚያው ሲቆይ ሁለተኛው እስከ 76 ወረደ። ሬዲዮው ዳግም አልተነሣም፣ ሎጉም ላይ ራዳር የሚል የለም። ሐረጎ ወጥተን የአንቴናውን ኮኔክተር (የኬብሉን መገጣጠሚያ) ስንፈታ፣ ቀደም ሲል የገጠሙት ሰዎች በተራ ናስትሮ ብቻ ጠቅልለውት ኖሮ ናስትሮው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ውሃውን እንደ ኪስ አቁሮታል፤ የኮኔክተሩ ውስጥም አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ኬብሉን በአዲስ ቀየርነው። ከዚያ በኋላ በጣለው ከባድ ዝናብ የሁለቱ ቼይኖች ልዩነት ከ2 ዲቢ አልበለጠም፤ የዲሹም ነገር በዚሁ ቀረ።

የምሽቱ ግን ገና ነው። ፋይበሩ ማታም ግማሹ እንኳ አይሞላም፤ መዘግየቱ በሴክተሩና በደንበኞቹ መካከል ነው። ስንደረድራቸው ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በ83 ኔጌቲቭ ተገናኝቶ አገኘነው። ሲተከልለት ከፊቱ ያለው ባሕር ዛፍ አጭር ነበር፣ አሁን አንቴናውን አልፎት ሄዷል። እንግዶቹ ማታ ማታ ቪዲዮ ያያሉ፤ እሱ ደግሞ ጥሩ ከፋያችን ስለሆነ ቁረጠው የሚለውን ምክር አልቀበልም። ዛፉም የጎረቤት ነው።

ሰልፍ አስከባሪ

ደንበኛውን መቁረጥ አያስፈልግም፣ ከሴክተሩ ላይ ማንሣቱ ግን ግድ ነው። ቅጠል፣ በተለይም እርጥብ ቅጠል፣ 5 ጊጋኸርዝን ስለሚበላው ዛፉን ሰንጥቆ ለማለፍ ኃይል መጨመር አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ዛፉን መዞር ነው። በዚያው ሰፈር ጥሩ ሲግናል ያለው ሌላ ደንበኛ ካለዎት ከእሱ ጣሪያ ላይ በሌላ ቻናል አጭር ሊንክ ይዘርጉለት፤ ለባለ ጣሪያው የወር ክፍያውን ትንሽ ቢቀንሱለት እሺ ይላል። ይህ ካልተገኘ የማረፊያውን የብረት ቱቦ በሁለት ሜትር ማስረዘም ለጊዜው ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው እዚያው ናቸው።

እስከዚያው ድረስ የማረፊያውን ፍጥነት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ዝቅ አድርገው ይገድቡት። ራውተርዎ ማይክሮቲክ ከሆነና ስሪት 7 ከጫኑበት ኬክ የሚባለው የሰልፍ ዘዴ (የደንበኞችን መረጃ በተራ የሚያስተናግድ) አብሮት ስላለ፣ የሴክተሩን ጠቅላላ ገደብ ማታ በትክክል ከሚያሳልፈው 10 በመቶ ያህል ዝቅ አድርገው በእሱ ያስተዳድሩት፤ ያን ጊዜ ሰልፉ በሬዲዮው ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በራውተርዎ ላይ ይሆናል፣ የአንዱ ማውረድም የሌላውን ጥሪ አያቋርጥም። ለማረፊያው ባለቤት ግን ሳይነግሩ አይገድቡት፤ ማታ የሚያገኘው እንደሚያንስና አዲሱ ሊንክ እስኪዘረጋ ድረስ የሚከፍለውም እንደሚቀንስ አስቀድመው ይንገሩት።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ለሐረጎው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዲሱን ኮኔክተር መጀመሪያ ራሱን በራሱ በሚያጣብቀው የጎማ ናስትሮ፣ ከላዩ ደግሞ ፀሐይ በሚችለው ጥቁር ናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየደረባችሁ ጠቅልሉት፤ ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ እያንዳንዱ ዙር ውሃ መቀበያ አፍ ይሆናል። ኬብሉም ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይመለስ፤ ውሃው ከዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። የኮምቦልቻውንም ጫፍ በዚሁ ጉዞ ብትፈቱት መልካም ነው፤ የገጠሙት እነዚያው ሰዎች ከሆኑ ናስትሮውም ያው ነው።