የታላቅ እህቴ እንቅርት ግራ አጋብቶናል፤ ምክራችሁን

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ አክሮሜጋሊ አለባት። አንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ በወጣ እብጠት የተነሳ የእድገት ሆርሞን ከልክ በላይ ይመነጫል። እብጠቱ በቀዶ ጥገና ወጥቶላታል፤ አይጂኤፍ ዋን (የእድገት ሆርሞኑ መብዛቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ግን ገና አልወረደም።

አሁን ያስጨነቀን አንገቷ ነው። አልትራሳውንድ ታይሮይዷ (አንገት ላይ ያለችው ዕጢ) ላይ በርካታ እባጮች አሳየ። አክሮሜጋሊ ያለባቸው ሰዎች ላይ እንቅርት እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ የእድገት ሆርሞኑ ታይሮይዱን ያሳድገዋል። ድካሟ፣ ብርድ ብርድ ማለቷና የሆድ ድርቀቷስ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ይሆን? የተሠራላት ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን) ብቻ ነው፤ "ኖርማል ነው" ተብላ ተመለሰች። ፒቱታሪ ከተጎዳች እኮ ቲኤስኤች ብቻውን አያስተማምንም፤ ፍሪ ቲፎር (ታይሮይድ ራሷ የምታመነጨው ሆርሞን) አብሮ መታየት አለበት። ይባስ ብሎ አንድ ሐኪም የታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ) ኪኒን ዝም ብላ ትሞክር አሉን። ኮርቲዞሏ (ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በፒቱታሪ ትእዛዝ የሚያመነጩት ሆርሞን) ዝቅ ያለ ከሆነና ይህ ሳይታይ ኪኒኑን ከጀመረች ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በጣም የፈራሁት ይህንን ነው።

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ወይም የሆርሞን ሐኪም የሆናችሁ ንገሩኝ። የእድገት ሆርሞኑ ሲስተካከል እንቅርቱ ቀነሰላችሁ? ወይስ መጀመሪያ ከእባጮቹ በመርፌ ናሙና ይወሰድ? አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪ ቲፎርና የጠዋት ኮርቲዞል አብሮ የሚሠራ ቦታስ የት ነው?