እንግሊዝኛ መጻፍ ከስልክ ይለመዳል ወይስ አራሚ የግድ ነው?

የቀበና ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ ትንሽ ተናድጄ ነው የመጣሁት። የጎረቤታችን ልጅ 11ኛ ክፍል ናት፣ ኢንግሊሽ ራይቲንግ እናስጠናሽ ያሏት ሰዎች ለሁለት ወር 6 ሺህ ብር ጠየቋት፣ እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት። የሰጧትን ሃንድአውት አምጪው ብዬ ሳየው ከነፃ ድረገፅ እንዳለ የተገለበጠ ነው፣ ግርጌ ላይ ያለውን አድራሻ ለማጥፋት እንኳን አልደከሙም። እና ጥያቄዬ በዚህ ዘመን እንግሊዝኛ መጻፍ ለመማር ብር መክፈል ያስፈልጋል ወይ? እኔ በፍፁም ባይ ነኝ። ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ከ1994 በፈረንጅ ጀምሮ አውል የሚባል ገፅ ከፍቶ ከነጠላ ሰረዝ እስከ ሪሰርች አጻጻፍ በነፃ አስቀምጧል። ልብወለድ የፈለገ ፕሮጀክት ጉተንበርግ አለለት፣ ከ1971 ጀምሮ የተጠራቀመ ከ70 ሺህ በላይ መጽሐፍ ነው፣ አንዱን ወፈር ያለ ልብወለድ በቴክስት ብታወርደው አንድ ሜጋ ገደማ ነው፣ አንዷ የቲክቶክ ቪዲዮ ከዛ በላይ ትበላለች። ግጥም ከሆነ ፖኤትሪ ፋውንዴሽን፣ ለጀማሪ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ። እኔ ራሴ ኮሌጅ አቋርጬ በነዚህ ነው የተማርኩት፣ ዛሬ እንጀራዬ እንግሊዝኛ መጻፍ ነው። የጎደለው ፍላጎት እንጂ ማቴሪያል አይደለም። የሚቃወም ካለ ይምጣ

ተጠራጣሪው፦
ከኔ ጀምር። የአክስቴ ልጅ ልክ አንተ እንዳልከው ጉተንበርግ ላይ ከርሞ ለስኮላርሺፕ ሞቲቬሽን ሌተር ጻፈ፣ አሳየኝ። መጀመሪያው ላይ "አይ ሃምብሊ ቢሲች ዩ" ይላል። ሃሃሃ ለንግስት ቪክቶሪያ አቤቱታ የሚያስገባ ነው የሚመስለው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ እዛ ያለው በአብዛኛው በአሜሪካ ህግ የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት መጽሐፍ ነው፣ ማለትም ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው። ነፃ የሆነው ስላረጀ ነው በአጭሩ። ዛሬ ሰው የሚጽፍበትን እንግሊዝኛ ከፈለግክ ትከፍላለህ ወይ ከቴሌግራም የተሰረቀ ፒዲኤፍ ታወርዳለህ

የቀበና ልጅ፦
እሺ ይቺን ልውሰድልህ፣ ግን ፖኤትሪ ፋውንዴሽን ላይ የዘንድሮ ገጣሚም አለ፣ እነሱ ከ1912 በፈረንጅ ጀምሮ የሚወጣ መጽሔት አላቸው ያለፈውም የአሁኑም ገፁ ላይ ይነበባል። ቢቢሲም የዛሬ እንግሊዝኛ ነው። የአክስትህ ልጅ አንድ ድስት ላይ ብቻ ስለተጣደ ነው

ቲቸር ከደሴ፦
ወንድሜ ስለ ልጅቷ መናደድህ ልክ ነህ፣ ፍላጎት ነው የጎደለው ያልከው ግን አስከፋኝ። ሃይስኩል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የዘረዘርካቸውን ገፆች አውቃቸዋለሁ። በነሐሴ 2015 እዚህ ክልል ዳታ ሲጠፋ ለወራት አንዳቸውም አልነበሩም፣ ከዛ በፊት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘግተው ቪፒኤን የሚያውቅ ብቻ ነበር የሚገባው። ለልጆቹ በፍላሽ እየገለበጥኩ አሰማቸው የነበረው የቪኦኤ ቀስ ያለው እንግሊዝኛ፣ 1500 ገደማ ቃል ብቻ የሚጠቀመው፣ ከ1959 በፈረንጅ ጀምሮ የነበረ ፕሮግራም፣ በማርች 2025 የጣቢያው ሰራተኞች ከስራ ውጡ ሲባሉ እሱም ቆመ። በሰው እጅ ያለ ነገር እንዲህ ነው አንድ ቀን ጠዋት ትነሳና የለም።

ግን እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ አይደለም ፈተናው ነው። ልጆቹ ከ9ኛ ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ 12ኛ ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ የሚላቸው የለም። እንግሊዝኛው ራሱ ኤ ቢ ሲ ዲ አጥቁር ነው። በ2014 ከተፈታኙ ሁሉ በጠቅላላ ውጤት ሃምሳ በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነበር። ስንቱ ልጅ ጥያቄው ራሱ ሳይገባው እንደሚያጠቁር ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ታዲያ ማንም ለማይፈትነው ነገር የትኛው ልጅ ነው ማታ ማታ ዳታ ገዝቶ ስለ ፓራግራፍ የሚያነበው? ድርሰት ፈተና ውስጥ ይግባ፣ ያኔ ስለ ዌብሳይት እናወራለን

የቀበና ልጅ፦
ቲቸር ይቅርታ እርስዎን ማስከፋት አልፈለግኩም። ስለ ዳታው ግን መላ አለው፣ ኪዊክስ የሚባል አፕ አለ፣ ዊኪፒዲያንም የጉተንበርግን መጽሐፍም ጠቅልሎ ያወርድልዎታል ከዛ ያለ ኔት ይሰራል፣ አንዴ አዲስ አበባ የመጣ ሰው በፍላሽ ይዞ ቢመለስ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ድርሰት ፈተና ይግባ ያሉት ላይ ግን ማን ያርመዋል? በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ነው የሚፈተነው፣ በማሽን ነው የሚታረመው እንጂ

ቲቸር ከደሴ፦
ማን ያርመዋል አልክ? አሁን ገና ደረስክበት። እኔ የማስተምረው አምስት ክፍል ነው፣ በክፍል 62 ተማሪ፣ 310 ደብተር። አንዱን አንብቤ እርማት ልጻፍበት ብል ሶስት ደቂቃ ብቻ ብሰጠው 15 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ለአንድ ድርሰት። ስለዚህ ምን አደርጋለሁ መሰለህ፣ "ሲን"፣ አይቼዋለሁ ብዬ ፈርሜ እመልሳለሁ። አዎ እኔ። አፍራለሁ ግን እሱን ነው የማደርገው

የቆሎ ተማሪ፦
ቲቸር አይፈሩ፣ እውነቱን የተናገሩት እርስዎ ነዎት። እኔ እዚህ ከመግባቴ በፊት ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ ጎጃም። እዛ ማቴሪያል የሚባል ነገር ከኪዊክስ ያንሳል ሃሃ፣ ደበሎና ቁራሽ ነው። ቀኑን ዛፍ ሥር ሆነህ ቅኔህን ትቆጥራለህ፣ በልብህ ትደርሳለህ ማለት ነው፣ ከዛ የኔታ ፊት ትነግራለህ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፣ የመጨረሻዋ ትንሽ። እኔ ያቺን ሁለት ቤት የኔታ ሳይመልሱብኝ እንድትያዝ ለማድረግ ስንት ወር እንደፈጀብኝ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ስምንት ቤቱ መወድስማ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ቀን የቆጠርኩትን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "ሰሙ አለ፣ ወርቁን ማን ወሰደብህ?" አሉኝ። በቃ። ያቺን አንድ ቃል የትኛው ገፅ ላይ ነው የማገኛት? የጎደለው ፍላጎትም ማቴሪያልም አይደለም፣ እርማት ነው

ተጠራጣሪው፦
ሁላችሁም በ2010 የቀራችሁ ናችሁ። እርማት ከሆነ የጎደለው ቻትጂፒቲ አለ አይደል እንዴ፣ 310 ደብተር በፎቶ ስጡት በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል አይደክመው አይቆጣ። ለምን እንደምንከራከር አልገባኝም

ማታ ሺፍት፦
ከቨርጂኒያ ነኝ፣ ሌሊት የአዛውንቶች ቤት እሰራለሁ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እማራለሁ፣ እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ጽሁፌ ከተዘበራረቀ በሱ ያዙልኝ። ያ የፑርዱ ገፅ ላይ ዋና ሃሳብህን መጀመሪያ አስቀምጥ የሚለውን ከአገሬ ሳልወጣ በፊት አንብቤዋለሁ፣ ኖት ይዣለሁ፣ ለሌላ ሰው አስረድቼበታለሁ። እዚህ የመጀመሪያውን ኤሴይ ሳስገባ ፕሮፌሰሯ ሁለተኛው ገፅ መጨረሻ ላይ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ከበበችውና ቀስት ስባ ስባ እስከ መጀመሪያው ገፅ አናት አመጣችው። ሌላ ምንም አልጻፈችም። ለካ እኔ እንደ አገሬ ሰው ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ ስለ ዘመድ ጤንነት ጠይቄ ጠይቄ ነው ወደ ጉዳዩ የምገባው። ህጉን አውቀዋለሁ ራሴ ላይ ግን አላየሁትም። እና የቆሎ ተማሪው ያለው እውነት ነው፣ ግን ደግሞ ያንን ገፅ ባላነበው ኖሮ ቀስቷ ራሱ ምን ማለት እንደሆነች አይገባኝም ነበር። ሁለቱም ነው የሚያስፈልገው ልላችሁ ነው

ሜላት፦
እናንተ ስለ ኤሴይ ብቻ ነው የምታወሩት፣ ግጥምን ማን ያንሳላት። እኔ አማርኛ ግጥም እጽፋለሁ፣ እንግሊዝኛውን ከኔት ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ሳነበው ያናድደኝ ነበር፣ ቤት አይመታም፣ ቀለም ብቆጥረው አንዱ መስመር ዘጠኝ አንዱ አስራ አንድ፣ ይሄ ምኑ ግጥም ነው እል ነበር። እኛ እኮ ጆሯችን የወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት እያለ ነው ያደገው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ የሚቆጥረው የሚረገጠውን ቀለም ነው። ሪከርድ የሚለውን ቃል ውሰዱ፣ ፊተኛውን ከረገጣችሁት መዝገብ ነው፣ ኋለኛውን ከረገጣችሁት መቅዳት ነው፣ ፊደሉ አንድ ነው። ይሄንን በዓይን አንብበህ በጭራሽ አታገኘውም። ያገኘሁት ፖኤትሪ አርካይቭ ላይ ገጣሚዎቹ ራሳቸው በድምፃቸው ሲያነቡ ሰምቼ ነው፣ ሊብሪቮክስ ላይም ፈቃደኞች ያነበቡት ሞልቷል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ስለዚህ ድሮ የእንግሊዝ ሰው አስተማሪ የሌለው ልጅ የማይሰማውን ድምፅ አሁን ቀበና ሆኖ ይሰማል፣ እሱን አትናቁት

እርማቱ ላይ ደግሞ፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 በፈረንጅ ጀምሮ ኮርሴራ በሚባል የኔት ትምህርት ገፅ ላይ ሞድፖ የሚባል የግጥም ኮርስ አለው፣ በነፃ ነው፣ እርስ በርስ ትተራረማላችሁ። ገባሁ። አንድ ሳምንት የደከምኩበትን ጽሁፍ ለጠፍኩ። ሶስት ሰው መለሰልኝ፣ ሁለቱ "ናይስ ጆብ" ብለው ሄዱ። ሶስተኛዋ አንዲት ትልቅ ሴት መሰለችኝ መስመር በመስመር ይዛ የት እንደተሳትኩ ነገረችኝ። ከሶስት አንድ። ቅኔ ቤትም ቢሆን ሁሉም የኔታ እኩል አይደለም መቼም

የቆሎ ተማሪ፦
እሱስ እውነት ነው ሃሃሃ

ቲቸር ከደሴ፦
ቻትጂፒቲ ያልከው ልጅ፣ ሞክሬዋለሁ እኮ፣ የማልሞክረው መሰለህ? አንድ ጎበዝ ተማሪ አለኝ፣ "የማልረሳው ቀን" በሚል ድርሰት ጻፉ ብዬ "ማይ ፋዘር ዳይድ ኦን ሚ ዌን አይ ዋዝ ኢን ግሬድ ስሪ" ብሎ ጀመረ። አባቴ ሞተብኝ ማለቱ ነው። ሰዋስው የሚያርመው አፕ ላይ ሳስገባው ምንም ስህተት አላገኘበትም። ቻትጂፒቲ ላይ ሳስገባው "ፓስድ አዌይ" አደረገውና ቀጥሎ "ፕሮፋውንድ ሎስ ዛት ሼፕድ ማይ ጆርኒ"፣ የሕይወት ጉዞዬን የቀረፀ ከባድ ሐዘን እንደማለት፣ የሚል ጨመረበት። ልጁ ፕሮፋውንድ የሚለውን ቃል አያውቀውም፣ ጆርኒውም የትም አልሄደም፣ ሶስተኛ ክፍል ሆኖ ትምህርት አቋርጦ በግ ነው የጠበቀው፣ እሱ ደግሞ ደብተሩ ላይ ነበር፣ በጎቹን ያጠፋቸው ማሽኑ ነው። በሌላ ቀን አስር ደብተር ሳስገባ አስሩም አንድ ሰው የጻፋቸው መስለው ወጡ

ተጠራጣሪው፦
ቲቸር እሱ አጠያየቁ ላይ ነው። አትጻፍለት፣ ስህተቱን ብቻ አሳየኝ ቢሉት ያሳይዎታል

ቲቸር ከደሴ፦
እሺ ብያለሁ፣ ግን "ዳይድ ኦን ሚ" ስህተት ነው አይደለም? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እኔ ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም

ማታ ሺፍት፦
እዚህ ይሉታል ግን በብዛት ለስልክ ለመኪና ነው። ባትሪው ሲያልቅ "ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ" ይላሉ። ለአባት ስትለው ፈረንጁ ትንሽ ግር ይለዋል፣ ያሾፈ ወይ የተናደደ ይመስለዋል። እኔ ብሆን "አይ ሎስት ማይ ፋዘር" አደርገው ነበር

ሜላት፦
እንዳትነኩት። "ሎስት" ስትለው ያቺ "ብኝ" ትጠፋለች። ሞተ ሌላ ሞተብኝ ሌላ። ልጁ ሳያውቀው እንግሊዝኛ ውስጥ አማርኛ አስገባ፣ ግጥም ቢሆን እኔ መስመሯን እሰርቀው ነበር

የቆሎ ተማሪ፦
መናደዱም ቢሆን ልክ ነው። ጥሎት በጎቹ ጋር ሄደ አይደል እንዴ

ማታ ሺፍት፦
ይሄ ግጥም አይደለም እኮ ወገን፣ ነገ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ላይ ቢጽፈው ስህተት ብለው ያልፉታል፣ ማን ነው ተቀምጦ ስለ "ብኝ" የሚያስረዳለት

የቀበና ልጅ፦
ሳላወራ እያነበብኩ ነበር። ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት ብዬ ነው የመጣሁት፣ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የቀጠረኝ ሰውዬ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፍኩትን በቀይ እያቀለመ ነበር የሚመልስልኝ፣ ያኔ ክፉ ነው ብዬ ነበር የማማው። እሱን አልቆጠርኩትም ለካ። አሁንም ግን ለዛች ልጅ 6 ሺህ ብር ዘረፋ ነው፣ ምክንያቱም ኮፒ ሰጧት እንጂ አንድ ገፅ አላረሙላትም። እርማት ቢሆን የሚሸጡት ዝም እል ነበር

ቲቸር ከደሴ፦
እንግዲያው ወሬው ይብቃና፣ የዚህ ሳምንት 62 ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ስም ሸፍኜ ፎቶ እያነሳሁ ልላክ፣ ስንት ስንት ትወስዳላችሁ? አስተካክላችሁ አትጻፉላቸው፣ ከበብ አድርጋችሁ ለምን እንደሆነ አንድ አንድ መስመር በአማርኛ ጻፉበት

ሜላት፦
አስር

ማታ ሺፍት፦
እሁድ ኦፍ ነኝ፣ ስምንት። ያንን ባለ በጉን ልጅ ለኔ ይላኩልኝ

ሜላት፦
አረ ለኔ! አንተ "ሎስት" ልታደርገው ነው

የቀበና ልጅ፦
ለኔ አምስት ቲቸር

ተጠራጣሪው፦
አምስት ብቻ? ሁሉም ነገር በነፃ አለ ብለህ ክርክሩን የከፈትከው አንተ አይደለህ እንዴ ሃሃሃሃ

የቀበና ልጅ፦
እሺ አስራ አምስት። አንተስ?

ተጠራጣሪው፦
እኔ ቻትጂፒቲን ልጠይቀውና እመለሳለሁ