በርኖሱን በየት አድራሻ ላድርስ?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ለእረፍት መጥቼ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ትናንት አንዲት እናት ቤታቸው ጠሩኝ። ልጃቸው እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ዋና ከተማ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ነው ያለው። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም። መንዝ ድረስ ልከው ያሠሩትን በርኖስ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «እዚያም እንደኛው ይበርዳል አሉ። አድራሻው ድረስ ሄደህ ስጥልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ምን ልበል? ልጁ አድራሻ የለውም። ስምንት ወር ሙሉ አንዴ መኪናው ውስጥ፣ አንዴ ሼልተር (ቤት የሌላቸው የሚጠለሉበት ማደሪያ) ነው የሚያድረው። ስልካቸውን የማያነሳውም ለዚህ ነው።

ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል፤ «ሌላው እንደኔ እንዳይሆን» ብሎ።

ታክሲ ይሠራ ነበር። ታመመና የሦስት ወር ኪራይ ተጠራቀመበት። አከራዩ «እስከ ዓርብ ልቀቅ» ብሎ በስልክ ጻፈለት። ዓርብ ቁልፉን አስረክቦ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ በሰው ቤት መጨቃጨቅ አልፈለገም። እኛ አገር በልማድ አከራይ ውጣ ካለ መውጣት ነው፣ እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ዲሲ ግን እንደዚያ አይደለም። አከራይ መልእክት ልኮ ወይም ቁልፍ ቀይሮ ተከራይ ማስወጣት አይችልም። ፍርድ ቤት መክሰስ አለበት። ቢፈረድለት እንኳ ቤቱን የሚያስለቅቁት የፌዴራል ማርሻሎች፣ ማለትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽሙ የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ዕዳውን ከፋፍሎ ለመክፈል መደራደርም ይቻል ነበር። ይህን ሁሉ ጠበቃ ነገረችው። የነገረችው ግን ከወጣ ከአምስት ወር በኋላ ነው።

በምን ገንዘቡ ጠበቃ ያዘ ትሉ ይሆናል። በነፃ ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህንን ነው። ዲሲ ውስጥ ዋሽንግተን ሊጋል ክሊኒክ ፎር ዘ ሆምለስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የተቋቋመው። ቤት ላጡና ሊያጡ ለተቃረቡ ሰዎች በነፃ ይሟገታል። የራሱ ጠበቆች አሉት፤ ከሕግ ቢሮዎች በፈቃደኝነት የሚያግዙም አሉ። ሼልተር የተከለከለ፣ የቤት ድጎማው የተሰረዘበት፣ የምግብ እርዳታው የተቋረጠበት ሰው ጉዳዩን ይዞ መሄድ ይችላል።

ነገሩ ለምን አስፈለገ? አሜሪካ ውስጥ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1963 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጌዲዮን ውሳኔ የጸና መብት ነው። ከቤቱ የሚባረር ሰው ግን በአብዛኛው አገሪቱ እንዲህ ያለ መብት የለውም። አከራዩ ጠበቃ ይዞ ይመጣል፣ ተከራዩ ብቻውን ይቆማል። ስለዚህ ነው እነዚህ በነፃ የሚሟገቱ ጠበቆች የሚያስፈልጉን።

እንግሊዝኛዬ አይረዳኝም የምትሉም አትፍሩ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፣ መብታችሁ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሐፍረቱ ነው። ለሐዘን ቀድሞ የሚደርስ፣ እቁብ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን መምጣት የተወው «የት ነው የምትኖረው?» እንዳይሉት ነው። እኛም ጠፋ ብለን ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነኝ።

የሞላሌዋ፦

ወንድሜ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። መታወቂያውና ሶሻሉ (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካርዱ) አሉት? የማውቀው ልጅ ሼልተር ውስጥ ቦርሳው ተሰረቀና ሁሉ ነገር ተዘጋበት። ሥራ ለመቀጠር መታወቂያ ይሉታል፣ መታወቂያ ለማውጣት ሌላ ወረቀት ይሉታል።

ከደብረ ብርሃን፦

እዚህም ያው ነው እኮ። ከወለጋ ተፈናቅለው እኛ ከተማ የተጠለሉትን ታውቃላችሁ። መሸኛ አምጡ ይባላሉ። ሸሽተው ከወጡበት ቀበሌ መሸኛ ማን ይጽፍላቸዋል? አንድ ጎረቤቴን የረዳው የሕግ ተማሪ ነው፤ ማመልከቻውን ጻፈለት፣ አብሮት ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ብር የምትልኩልን ወገኖቻችን እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን የሕግ ሰው ካላችሁ እሱንም አገናኙን።

የጠባሴ ልጅ፦

እህቴ፣ ግሪን ካርዱ ጠፍቶበት ነበር፤ ጠበቃዋ የት እንደሚያመለክት አሳይታዋለች። ደብዳቤ የሚደርሰውም ቀን ቀን በሚውልበት የእርዳታ ማዕከል በኩል ነው። ይህን ያዙልኝ፦ ቤት የሌለው ሰው ደብዳቤ የሚቀበልበት ቦታ ከሌለው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያልፈዋል።

አሁን ቤት ኪራይ ያለፈበት ወገን ካለ ቁልፍ እንዳያስረክብ። መጥሪያ ከደረሰው በቀጠሮው ቀን ይቅረብ። እኔ አብሬው እሄዳለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

በርኖሱ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ደውዬለት የእናቱን መልእክት ነገርኩት። ብዙ ዝም አለና «ረቡዕ ምሳ ሰዓት ጠበቃዬ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ እዚያ አምጣልኝ» አለኝ። ከዚያ የእናቱን አዲሱን ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ።